«ቤቱን ልቀቁልኝ»፦ የአከራይና የተከራይ ሙግት ከራፖር ጸሐፊው እስከ ወረዳው መዝገብ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው። እኛ፣ ከአንድ ዲፓርትመንት የተመረቅን አራት ሴቶች፣ ከመገናኛ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ስልክ ማውራት አይቻልም፤ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ቢሆንም ቤታችን ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አከራያችን እማማ (ስማቸው ለእኛው ይቆይ) ቡና ጠሩንና ሦስተኛው ስኒ ላይ ነገሩን አወጡት።

«ልጆቼ፣ እንግዲህ ልጄ ከዐረብ አገር ልትገባልኝ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ብትለቁልኝ።»

ለወሩ መጨረሻ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነበር።

ማታ አራታችንም ፍራሽ ላይ ተቀምጠን ስንከራከር አመሸን። አንዷ «ሕግ አለ እኮ!» ትላለች። ሌላዋ «የት?» ትላለች። ለቃለ መጠይቅ የምንሮጥ፣ የሌላውን ሰው በደል የምንጽፍ ጋዜጠኞች፣ የራሳችን ጉዳይ ሲመጣ የትኛው ቢሮ እንደምንሄድ እንኳ አናውቅም ነበር። ሰኞ ጠዋት አንድ ፍርድ ቤት ደጃፍ ከተደረደሩት ራፖር ጸሐፊዎች አንዱ ጋር ሄድን። ሰውየው ሽበታም ናቸው፤ ከጃንጥላ ሥር ኮምፒውተርና ማተሚያ አስቀምጠዋል። ሦስት ነገር ብቻ ጠየቁን፦ «ውል አለ? ደረሰኝ አለ? ምስክር አለ?»

ውል የለም። ኪራዩን የምንሰጠው በእጅ ስለሆነ ደረሰኝም የለም። ምስክር ስንባል እርስ በርስ ተያየን። ሰውየው ከእኛ ምንም አልተቀበሉም። «ልጆች፣ ብሩን ለአይሱዙ አስቀምጡት» ብለው ሸኙን።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈን የዚያ ቀን ንዴት ነው ብንል አንዋሽም። ንዴቱ ሲበርድ ግን ጥያቄ ሆነ። በዚህች ከተማ «ውጣ» የተባለ ተከራይ፣ «አልወጣም» የተባለ አከራይስ፣ በየዘመኑ ማን ጋር ይሄድ ነበር? ሕጉ ምን ይል ነበር? ሕጉን እስከ ደጃፋቸው ያደረሰላቸውስ ማን ነበር? እስቲ አብረን ወደ ኋላ እንመለስ።

ነጠላ የቋጠረው ሙግት

በድሮው ሥርዓት ጠበቃ የሚባል ባለሙያ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የራሱ ጠበቃ ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ይቆማል። ሁለት ተጣይዎች መንገድ ላይ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ «ፍረደን» ብለው ዳኛ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው፣ ተቆራኝተው፣ ወደ ዳኛ የሚሄዱበትም ዘመን ነበር። በ«ተጠየቅ ልጠየቅ» ሙግት ጥሩ አንደበት ያለው ጥሩ ዕድል አለው፤ አንደበት የሌለው ደግሞ አንደበት ያለው ዘመድ ይፈልጋል። ነገረ ፈጅ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ዓለም ነው።

ይህ ሁሉ የሚያስቅ ቢመስልም አንድ ቁም ነገር አለው። ዳኝነት ቅርብ ነበር፤ ነጻ ግን አልነበረም። ጌታና ጭሰኛ ሲካሰሱ ነጠላው እኩል ቢቋጠርም ሚዛኑ እኩል አይሆንም። አዲስ አበባም ስታድግ መሬቷ በቤተ መንግሥቱ፣ በመኳንንቱና በቤተ ክርስቲያን እጅ ተከማችቶ ስለነበር፣ ከተሜው በብዛት በሰው መሬት ላይ ወይም በሰው ቤት ውስጥ የሚኖር ሆነ። የከተማዋ ትልቁ ሙግት የኪራይ ሙግት የሚሆንበት መሠረት ያኔ ተጣለ።

3,367 አንቀጽ

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ታወጀ፤ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ፕሮፌሰር ናቸው። 3,367 አንቀጽ ካለው ከዚህ ሕግ ውስጥ ከቁጥር 2945 ጀምሮ ያሉት ስለ ቤት ኪራይ ይናገራሉ።

እነዚህን አንቀጾች ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ በተመለስን በማግሥቱ ነበር ያነበብናቸው፤ ገረመንም። ተከራዩ ኪራይ ቢያዘገይ እንኳ አከራዩ ተነሥቶ በር ላይ ቁልፍ ማንጠልጠል አይችልም። በመጀመሪያ «በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልከፈልክ ውሉ ይፈርሳል» ብሎ ያስጠነቅቃል። ውሉ የአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ቢያንስ 30 ቀን፣ ከዚያ የሚያንስ ከሆነ 15 ቀን ይሰጣል። ይህን ጊዜ በውል ማሳጠር እንኳ አይፈቀድም። ላልከፈለ ሰው እንኳ 15 ቀን! እኛ፣ ኪራያችንን በየወሩ መጀመሪያ የምናስረክብ፣ አሥራ አንድ ቀን ነበር የተሰጠን።

በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ወጣ። እሱም ለዳኝነት የሚከፈለውን ገንዘብ መክፈል ለማይችል ሰው በር ይተዋል፦ በደኃ ደንብ መክሰስ። ድህነቱን ያስረዳ ሰው የዳኝነት ሳይከፍል ክሱ ይታይለታል። ይህ ድንጋጌ የእንደራሴዎቹን ቤት ለሚከራየው የከተማ ደሃ በወረቀት ደረጃ ትልቅ ነገር ነው። በወረቀት ደረጃ የምንለው በምክንያት ነው። ከአገሩ ሕዝብ አብዛኛው ማንበብ በማይችልበት ዘመን፣ ሕጉን አንብቦ የሚነግረው ያጣ ተከራይ መብቱ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ክፍተቱን የሞላው ያው ራፖር ጸሐፊው ነበር። ለብዙ ደሃ ከተሜ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም የሕግ አማካሪ ታይፕ ያለው ሰው ነበር።

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት

ከዚያ አብዮቱ መጣ። የገጠሩን መሬት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የካቲት 25 ታወጀ። ከአምስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በገብርኤል ዕለት፣ አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ የመኖሪያ ቤት ብቻ ይይዛል፤ ሌላው ሁሉ «ትርፍ» ነው። በኪራይ ገቢ መኖር ቀረ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ፤ ከዚያ በላይ ያለው ኋላ የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ወደተባለው መሥሪያ ቤት የሚገባ ሆነ። ኪራይም ተቀነሰ፤ አነስተኛ ኪራይ ለሚከፍለው ቅናሹ ይበልጥ ነበር።

ያን ቀን የተደሰተው ተከራይ ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ደስታውም ሐሰት አልነበረም። ትናንት «ውጣ» የሚለው ጌታ ዛሬ የለም። ነገር ግን አዋጁ መስፍኑንና ሁለት ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታሳድገውን መበለት በአንድ ቃል ጠራቸው፦ «ባለ ትርፍ ቤት»። መተዳደሪያቸው ለተቋረጠባቸው አበል ይሰጣል ቢልም፣ ቤት በአበል አይተካም።

ሙግቱስ? ሙግቱ ወደ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ሄደ። ዳኞቹ ከነዋሪው መካከል የተመረጡ እንጂ ሕግ የተማሩ አልነበሩም። ሸንጎው ቅርብ ነው፤ ቋንቋው የሰፈር ቋንቋ ነው፤ ጠበቃ የመግዛት አቅም አይጠይቅም። ይህ በጎ ጎኑ ነው። ግን ቀበሌው አከራይም ዳኛም ሆኖ ተቀመጠ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብሩ ደግሞ ያው ቀበሌ እስር ቤት ያለው፣ መሣሪያ የታጠቀ ኃይል ሆነ። ቤቱን የሚሰጥህ፣ ኪራዩን የሚቀበልህ፣ የሚፈርድብህና የሚያስርህ አንድ አካል ከሆነ «አቤት» የምትለው ለማን ነው?

«ዘመዴ ናት» የሚባሉት ደባሎች

አዋጅ ኪራይን ሲከለክል ቤት ፈላጊውን አልከለከለም። ከተማዋ አደገች፤ የቀበሌ ቤት ግን እንደዚያው ቆየ፤ ኪራዩ ተቆልፎ ስለቀረም ጣሪያና ግድግዳው ሲያረጅ የሚጠግነው ጠፋ። ሰው ደባል ማስገባት ጀመረ። ከጓዳው አንዱ ጥግ በመጋረጃ ይከፈላል፤ ሰው ሲጠይቅ «የእናቴ ወገን ናት» ይባላል። ብሩ በጨለማ ይሰጣል፤ ወረቀት የሚባል ነገር አይነሣም።

ለእኛ ይህ የታሪኩ ዋና መታጠፊያ ይመስለናል። ሕግ የማያውቀው ኪራይ ዳኛ የለውም። ደባሏ በሌሊት ብትባረር ክስ አቀርባለሁ ብትል የከለከሉትን ነገር ማድረጓን ራሷ ማመኗ ነው። ያስገባቻትም ባለቤት ኪራይ ብትከለከል እንዲሁ። ስለዚህ ሁለቱም ዝምታን ተማሩ። ውል አለመጻፍ ልማድ ሆነ፤ ልማዱም ከከልካዩ አዋጅ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ።

እማማም የነገሩን ይህንኑ ነው። ከራፖር ጸሐፊው ተመልሰን «ግን ለምን ውል አልተዋዋልንም?» ስንላቸው ብዙ ቆዩና እንዲህ አሉን፦ «በ67 እኔ ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ ከአባቱ ያገኘውን ሁለት ቤት ጥሩ አድርጎ አስመዝግቦ ነበር። መዝገቡን ይዘው ነው የመጡት። ያላስመዘገበው ጎረቤታችን አንዱን ደብቆ አተረፈ። እኔ ከዚያ ወዲህ ወረቀት እፈራለሁ፣ ልጆቼ።»

ዝም አልን። ሕግ ፊት ተቃራኒ ነን ብለን የቆምነው እኛና እሳቸው፣ ለካ ወረቀት ያጣነው በአንድ ታሪክ ምክንያት ነው።

ቤቱ ተመለሰ፣ ሙግቱም ተመለሰ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቤት ማከራየት እንደገና የአደባባይ ሥራ ሆነ። በአዋጅ 47 መሠረት የተወረሱት ቤቶች በመንግሥት እጅ ቀሩ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ግን አግባብ ካላቸው አዋጆች ውጪ የተወሰዱ ንብረቶች ጉዳይ እንዲመረመር ፈቀደ። በቃል ትእዛዝ፣ በካድሬ ፊርማ የተወሰደ ቤት ይኖራል፤ ባለቤቱ ወይም ወራሹ ሰነዱን ይዞ ይመጣል። ከቤቱ ውስጥ ግን ሃያ ዓመት የኖረ ተከራይ ቤተሰብ አለ። እሱስ ምን አጠፋ? በሁለቱም በኩል እውነት ያለበት ሙግት ከባዱ ሙግት ነው።

በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘትን መብት ደነገገ። አድራሻው ግን ተራ ሰውን ያደናግራል። በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤት ክርክር ወደ ከተማው ፍርድ ቤት፣ በግለሰቦች መካከል ያለው የኪራይ ክርክር ደግሞ ወደ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሆነ። በ1995ቱ የከተማዋ ቻርተር ደግሞ እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የገንዘብና የንብረት ክርክር ለቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ተሰጥቶ ነበር። አንድ ተከራይ ጉዳዩን ይዞ ከመከራከሩ በፊት የት እንደሚከራከር የሚነግረው ባለሙያ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ጠበቃ በስንት ይገኛል?

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እናስላ። የእኛ ኪራይ በወር 6,000 ብር ነበር። የምንከራከረው ስለ ሁለት ወር ጊዜ ነው፤ ማለትም ስለ 12,000 ብር። የትኛው ጠበቃ ነው በ12,000 ብር ጉዳይ ላይ ለወራት ተመላልሶ ከክፍያው የሚተርፈን? ለእማማስ ቢሆን፣ ኪራይ አልከፍልም ብሎ ስድስት ወር የተቀመጠባቸውን ተከራይ ለማስወጣት ጠበቃ ቢገዙ ያጡትን ያህል ደግመው ያጣሉ። የአከራይና የተከራይ ሙግት ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ለባለጉዳዩ ሕይወቱ ነው፤ ለገበያው ግን ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ የነጻ ሕግ ድጋፍ ለዚህ ጉዳይ ቅንጦት አይደለም፤ ያለ እሱ ሕጉ ራሱ አይሠራም።

ይህን ለመሙላት የተሞከረ ነገር አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዝዛል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር በመስጠት ስሙ የታወቀ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። ከትዳር ፍቺ በኋላ «ቤቱ የእኔ ነው፣ ውጪ» የምትባል ሴት ጉዳይዋ ከተራ የቤት ኪራይ ሙግት የሚርቅ አይምሰላችሁ፤ ለጎዳናው ሁለቱም እኩል ቅርብ ናቸው። የአዲስ አበባ፣ የጅማ፣ የሐዋሳና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎችም የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት ከፍተው ተማሪዎቻቸውንና መምህራኖቻቸውን ከሕዝቡ ጋር አገናኝተዋል።

መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ከለከለ። የሴቶቹ ማኅበርም ሠራተኛውንና አገልግሎቱን ክፉኛ ለመቀነስ ተገደደ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ። በመካከሉ ያለፉት አሥር ዓመታት ግን «ነይ፣ ጉዳይሽን እንይልሽ» የሚል ጠረጴዛ ያጡ ሴቶች ዓመታት ናቸው።

ከኮሮና እስከ አዋጅ 1320

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ ቁጥር 466 አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ከለከለ። ያኔ ተማሪዎች ነበርን፤ ዜናውን ሰምተን ብዙም አላሰብንበትም። አሁን ስናየው ግን መንግሥት ከግል አከራይና ተከራይ መካከል ገብቶ «ቆይ» ያለበት ትልቅ አጋጣሚ ነበር።

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። ዋና ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ውል በጽሑፍ ይሆናል፤ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይቻልም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። የኪራይ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሚወሰነው ልክ ብቻ ነው። ተከራይ እንዲወጣ ሲፈለግ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ኪራይ የማይከፍል ወይም ቤቱን ላልተከራየለት ሥራ የሚያውል ተከራይ ግን ይህ ከለላ አይጠብቀውም፤ ይህም ለአከራዩ የቆመ ድንጋጌ ነው።

ራፖር ጸሐፊው የጠየቁንን ሦስት ነገር አስታወሳችሁ? ውል፣ ደረሰኝ፣ ምስክር። አዋጁ ሦስቱንም ያሟላል፦ ውሉ የተጻፈው ነው፤ ደረሰኙ ባንኩ ነው፤ ምስክሩ የወረዳው መዝገብ ነው።

ግን እንዋሽ አንበል። በሰፈራችን ያየነው ሌላም ነገር አለ። ለወረዳው የሚቀርብ አንድ ዋጋ፣ በቃል የሚከፈል ሌላ ዋጋ። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብርን ይፈራል፤ ተከራዩ ቤቱን እንዳያጣ ይፈራል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተስማምተው ውሸት ይፈርማሉ። ይህ የደባል ዘመን ልማድ ነው፤ መልኩን ቀይሮ ተመለሰ እንጂ አልሞተም። የተለየው ነገር አንድ ነው፦ ያኔ ሰው ዝም ያለው ሕጉ ስለከለከለው ነበር፤ አሁን ግን ዝም የሚለው ሕጉ እየፈቀደለት ነው። ይህን ዝምታ የሚሰብረው ቅጣት ብቻ አይመስለንም። ወረዳው ጋ፣ ከመዝጋቢዋ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ለእማማም ለእኛም «ይህ ቁጥር ነገ ምን ያስከትልባችኋል?» ብሎ የሚያስረዳ አንድ የሕግ ባለሙያ ቢቀመጥ ግን ብዙ ነገር ይለወጣል። አዋጅ በየዘመኑ ወጥቷል። የጎደለው ሁልጊዜ ያ ሰው ነው።

እማማና እኛ

የእኛ ጉዳይ እንዴት አለቀ? ፍርድ ቤት አልሄድንም። የሰፈሩ የእድር ዳኛ እማማ ቤት መጥተው በመካከላችን ተቀመጡ። እማማ ልጃቸውን አነሡ፤ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ስትመለስ የራሷ ክፍል እንዲኖራት ይፈልጋሉ። እኛ ደግሞ በአሥራ አንድ ቀን ቤት እንደማይገኝ፣ በዚያ ላይ ክረምት መሆኑን አነሣን። የእድር ዳኛው ሁለታችንንም ሰምተው «ሁለት ወር» አሉ። ሁለታችንም ተስማማን። ዓመት ሳይሞላ አዋጁ ወጥቶ ስናነብ «ሁለት ወር» የሚለው ላይ ስንደርስ ሳቅን።

ሳቁ ግን ሙሉ አልነበረም። እኛን ያዳነን ሕጉ ሳይሆን የአንድ ደግ ሽማግሌ ጊዜና የእማማ ልበ ቀናነት ነው። እማማ ክፉ ቢሆኑስ? እኛስ ኪራይ ሳንከፍል ጨክነን የምንቀመጥባቸው ብንሆን ኖሮ? ዕድል ለሁሉም ሰው አይደርስም። ለሁሉም ይደርስ ዘንድ ነው ሕግ የሚጻፈው።

አሁን ያለንበትን ቤት ስንከራይ ውላችንን ይዘን ከአከራዩ ጋር ወረዳ ሄድን። ከወረፋው ቆመን እማማን አስታወስናቸው። የእሳቸውን ቤት ያስወሰደባቸው መዝገብ ነበር፤ እኛ ደግሞ መዝገብ ላይ ለመስፈር እንሰለፋለን። ተራችን ደርሶ ስንፈርም እጃችን ትንሽ እንደተንቀጠቀጠ አንደብቃችሁም። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ግን አለን።

እናንተም ውላችሁን አንብቡ፤ አንብባችሁ ያልገባችሁ ካለ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ቸር እንሰንብት!